በረዶው ሳይወድቅ ምን ይቀበራል? የተራራ ጎልፍ ሜዳዎች የመጸው ማብቂያ ሥራ

በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያሉት የጎልፍ ሜዳዎች ለተጫዋች የሚዘጉት በአብዛኛው በኦክቶበር አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት እንደገባ ነው። ኅዳር እስኪጋመስ ደግሞ መሬቱ አካፋ አላስገባ ይላል። በሁለቱ መካከል የሚተርፈው ጊዜ አራት፣ ሲበዛ ስድስት ሳምንት ነው። የመስኖ ቧንቧ የሚቀየረው፣ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ የሚቆፈረው፣ የአሸዋ ጉድጓዶቹ የሚታደሱት፣ ዛፍ የሚቆረጠውና ሣሩ ለረጅሙ የበረዶ ወራት የሚዘጋጀው በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው። ይህ ሥራ ከሜዳው ጥበቃ ሠራተኞች በቀር የሚያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ ሄዷል፤ የበረዶ ሸርተቴ እንግዳው ገና አልመጣም። ሆኖም በእነዚህ ሳምንታት የሚወሰነው ነገር ሜዳው ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ስንት ውሃ እንደሚጠጣና ምን ዓይነት ኬሚካል ወደ ወንዝ እንደሚለቅ ይወስናል። ስለዚህ ሕዝብ ሊከታተለው የሚገባ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ለምሳሌ ብሬክንሪጅን እንውሰድ። የከተማው የጎልፍ ሜዳ ባለ 27 ቀዳዳ ነው፤ ንድፉ የታዋቂው ተጫዋች የጃክ ኒክላውስ ሲሆን በ1985 ተከፈተ። ባለቤቱ የግል ክለብ ሳይሆን የከተማው መስተዳድር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ አንባቢ ከፍታውን አይስተውም፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት ከምድር ወገብ ባላቸው ርቀት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ቢመታም ረፋድ ላይ ፀሐይ ታቀልጠዋለች። ብሬክንሪጅ ላይ ግን ኅዳር የገባው ብርድ እስከ ሚያዝያ አይወጣም። ውርጩ ከሣሩ አልፎ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ አፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ያረጋል። የሜዳውን የሥራ ዘመን የሚገዛው ይህ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ የባለጸጎች ጨዋታ ጉዳይ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳው ያለበት አካባቢ ውሃ በስዋን ወንዝ በኩል ወደ ብሉ ወንዝ ይወርዳል፤ ብሉ ወንዝ ደግሞ ወደ ዲለን ግድብ ይገባል። ዲለን የዴንቨር የውሃ ድርጅት ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በ1963 ከተጠናቀቀ ወዲህ፣ ከተራራው ሥር 37 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሮበርትስ ዋሻ በኩል ውሃው የአህጉሩን የውሃ ክፋይ አቋርጦ ወደ ዴንቨር ይጓዛል። ድርጅቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ውሃ ያቀርባል። ዴንቨርና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባቸው ናቸው። ዴንቨር የሚኖር ወገናችን ቡናውን የሚያፈላበት ውሃ ከፊሉ በእነዚህ የተራራ ሸለቆዎች አልፎ የመጣ ነው። በዚያ ላይ በኤቨርግሪን ያለው የተራራ ጎልፍ ሜዳ ባለቤት ራሷ የዴንቨር ከተማ ናት። ግብር ከፋዩም፣ ውሃ ጠጪውም እኛ ነን።

ሥራው ሁሉ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ላይ ለምን ይከመራል? አንደኛው ምክንያት የአየሩ ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው ገበያው። ከ2020 ወዲህ በአሜሪካ የጎልፍ ፍላጎት እጅግ ጨምሯል። በ2023 በመላ አገሪቱ ከ530 ሚሊዮን በላይ ዙር ጨዋታ እንደተካሄደ የአገሪቱ የጎልፍ ፋውንዴሽን ዘግቧል፤ ያን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። በተራራ ላይ ደግሞ የጨዋታው ወራት ከአምስት አይበልጡም። እንዲህ ባለ ወቅት በሐምሌ ሦስት ቀዳዳ ዘግቶ ቧንቧ እቆፍራለሁ የሚል አስተዳዳሪ አይገኝም። ድሮ በበጋው መካከል በትንሽ በትንሹ ይሠራ የነበረው ሁሉ ወደ መጸው ማብቂያ ተገፋ። ሥራው በዛ፣ ቀኑ ግን አልረዘመም። እንዲያውም በኖቬምበር ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ እስኪነሳ ድረስ ረግጦ መሥራት ስለማይቻል፣ ፀሐይም ከተራራው ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ፣ የሥራው ቀን ስድስት ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሜዳው እንደተዘጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ውሃውን ከቧንቧ ማስወጣት ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቧንቧ ውስጥ የቀረች ጥቂት ውሃ የፕላስቲኩን ቧንቧ ትሰነጥቃለች፤ ቫልቭ ታፈነዳለች። ስለዚህ ፓምፑ ይቆማል፤ በዝቅተኛ ቦታዎች ያሉት ማፍሰሻዎች ይከፈታሉ፤ ከዚያ በመኪና የሚጎተት ትልቅ ኮምፕረሰር ከዋናው መስመር ጋር ይገጠምና አየር ይነፋል። ሠራተኞቹ መስመር በመስመር እየሄዱ እያንዳንዱን ስፕሪንክለር ይከፍታሉ። መጀመሪያ ውሃ ይረጫል፤ ቀጥሎ ውሃና አየር እያፈራረቀ ይተፋል፤ በመጨረሻ ጭጋግ ብቻ ሲቀር ይዘጋል። በአንድ ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ ላይ ስፕሪንክለሮቹ ብዙ ጊዜ ከ1000 ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሥራው ቀናት ይወስዳል። ትዕግሥትም ይጠይቃል። ቧንቧውን የሚያደርቀው የአየሩ ብዛት ነው፤ ቸኩሎ ግፊቱን ከፍ የሚያደርግ ሰው መገጣጠሚያውን ይበጥሳል። የታመቀ አየር ትኩስ በመሆኑም ሳይቀዘቅዝ ከገባ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ የማየው ከጥበቃ ያለፈ ጥቅም ነው። በዓመት ውስጥ ሰው በእግሩ እየሄደ የመስኖውን መረብ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቫልቭ በቫልቭ የሚነካው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። የትኛው ቫልቭ በደንብ እንደማይዘጋ፣ የትኛው መስመር አየር እንደሚያፈስ፣ የትኛው ስፕሪንክለር በሣሩ ፋንታ ዓለቱንና የጥዱን ሥር እንደሚያጠጣ ያን ጊዜ ይታያል። ብዙ ቦታ ግን ሥራው በጥድፊያ ተሠርቶ ያለቀ ዕለት እውቀቱም አብሮ ይበተናል። ያየው ሠራተኛ ወደ አገሩ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ በፀደይ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል። ውሃው ሲነፋ አብሮ የሚሄድ አንድ መዝጋቢና ቦታውን በሳተላይት የሚለካ አንድ መሣሪያ ከማንኛውም አማካሪ ጥናት የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ምክንያቱም የቧንቧው ዕድሜ አልቋል። በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊዎች ማኅበር የታወቀ የዕድሜ ግምት ሰንጠረዥ አለ፤ በዚያ መሠረት የመስኖ ሥርዓት ከ10 እስከ 30 ዓመት፣ የፓምፕ ጣቢያ ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ የባንከር አሸዋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላሉ። ባንከር የሚባለው ኳስ እንዲሰምጥበት ታስቦ የሚሠራው የአሸዋ ጉድጓድ ነው። በ1980ዎቹ በተራራ ላይ የተሠሩ ሜዳዎች የመጀመሪያ ቧንቧቸው አሁንም መሬት ውስጥ ካለ ከግምቱ ጣሪያ ካለፈ ቆይቷል። የዚያ ዘመን ቧንቧ እየተሰካካ የሚገጠም ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር፤ መሬቱ ሲረጋና ሲፈታ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ዛሬ የሚቀበረው ጫፍና ጫፉ በሙቀት ቀልጦ አንድ ወጥ የሚሆን፣ ትንሽ የመተጣጠፍ ጠባይ ያለው ቧንቧ ነው። ልዩነቱ በተራራ ላይ ከቆላው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ አፈሩ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ።

ቁፋሮውም የራሱ ሕግ አለው። ሣሩ በማሽን እንደ ምንጣፍ ተልጦ ይጠቀለላል፤ ቦዩ ይቆፈራል፤ ቧንቧው ይቀበራል፤ አፈሩ እየተጠቀጠቀ ይመለሳል፤ ሣሩ ይዘረጋል። በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት ይህ ጥሩ ሥራ ነው። በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት ግን የሚመለሰው አፈር የረጋ ጓል ይሆናል፤ ጓል በጓል መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ በፀደይ ሲፈታ ቦዩ ይሰምጥና በሣሩ ላይ ረጅም ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። ያን ጊዜ ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ዘግይቶ የተዘረጋ ሣርም ሥር ሳይሰድ የተራራው ደረቅ ነፋስ ያደርቀዋል። ዘር መዝራት ከተፈለገ አፈሩ እጅግ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ዘሩ እንዳይበቅልና ከበረዶው በታች ተኝቶ ፀደይን እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ግማሽ በቅሎ በብርድ ከሚመታ ሳይበቅል ቢቆይ ይሻላልና።

አሁን ወደ ግሪኑ እንምጣ። ግሪን ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ድረስ የሚታጨድ ስስ ቦታ ነው። የተራራ ግሪን ሁለት ጠላት አለው፤ ግግር በረዶና ሻጋታ። ስለ ግግር በረዶ ብዙውን ያስተማረው በ1960ዎቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምርምር ያካሄደው ጄምስ ቢርድ ነው። ፖዋ አኑዋ የሚባለው፣ በአሮጌ ግሪኖች ላይ ሳይዘራ የሚስፋፋው ሣር ከግግር በረዶ በታች ሁለት ወር ገደማ ከቆየ መሞት ይጀምራል፤ ቤንትግራስ የሚባለው ግን ከሦስት ወር በላይ ይችላል። ለስላሳው በረዶ ራሱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሣሩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። የሚገድለው ቀልጦ የሚወርድበት ያጣና ግሪኑ ላይ ተኝቶ መልሶ የሚረጋው ውሃ ነው። ስለዚህ በመጸው ማብቂያ ከግሪኑ ዝቅተኛ ጫፍ ውሃው የሚወጣበት መንገድ መክፈት፣ በጥልቅ መበሳት፣ በላዩ ወፍራም አሸዋ ማልበስና በደቡብ በኩል ጥላ የሚጥሉትን ዛፎች መቁረጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ዛፍ መቁረጥ ሁልጊዜ ቅሬታ ያስነሳል፤ ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን በዲሴምበር የፀሐይዋን መንገድ የሚዘጋ አንድ ረድፍ ጥድ አንድ ግሪን በየሦስትና አራት ዓመቱ እንዲሞት ያደርጋል፤ የሞተውን ለመተካት የሚፈሰው ውሃና ማዳበሪያ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ሁለተኛው ጠላት የበረዶ ሻጋታ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ያለ በረዶም በብርድና በእርጥበት ብቻ ይይዛል፤ ግራጫው ግን ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የተኛ በረዶ ይፈልጋል። ተራራው ላይ የሚያስፈራው ግራጫው ነው፤ በበጋ እንደ ጥቃቅን ዘር ደርቆ ይተኛና በረዶው ሲመጣ ይነቃል። መከላከያው ጸረ ፈንገስ ኬሚካል ነው፤ የሚረጨውም የማይነሳው በረዶ ከመውደቁ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቀደም ብሎ ከተረጨ ዝናብ ያጥበዋል፤ ከዘገየ በረዶው ቀድሞ ይሸፍነዋል። ባለሙያው የአየር ትንበያውን በቀን ደጋግሞ የሚመለከትበት ወቅት ይህ ነው።

የተረጨው ኬሚካል ከበረዶው ሥር ይከርማል፤ በፀደይ ሲቀልጥ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወርዳል። እዚህ ላይ የዘርፉ ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። እስከ 1990ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ለበረዶ ሻጋታ የሜርኩሪ ውህድ ይረጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተለመዱት አንዱ ክሎሮታሎኒል ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል፣ አሜሪካ ውስጥ ግን አሁንም በሥራ ላይ ነው። ክሎሮታሎኒል ለዓሣ መርዛም ነው። የቬል ከተማ የጎልፍ ሜዳ የሚያዋስነው ጎር ወንዝ በትራውት ዓሣ የታወቀ ነው። በ2012 የኮሎራዶ ግዛት በጎር ወንዝ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ስለተጎዱ ወንዙን በተጎዱ ውሃዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ምክንያት ተብለው የተጠቀሱት የወንዝ ዳር ዕፅዋት መመናመን፣ ከአስፋልትና ከጣሪያ የሚወርደው ጎርፍና የጸረ ተባይ ኬሚካል ናቸው። ጥፋቱን በጎልፍ ሜዳው ላይ ብቻ መለጠፍ ትክክል አይሆንም፤ ሆቴሉም፣ መኖሪያ ቤቱም፣ አውራ ጎዳናውም በዚያው ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ሜዳው ግን የሕዝብ ስለሆነ ቀዳሚ አርአያ የመሆን ግዴታ አለበት።

የሚሠራውም ግልጽ ነው። የአንድ ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ ግሪኖች ሁሉ ቢደመሩ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጡም፤ ፌርዌዮቹ፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ግሪኑ የሚዘረጉት የታጨዱ ሜዳዎች፣ ከአሥር ሄክታር በላይ ናቸው። ኬሚካሉ በግሪኖቹ ላይ ብቻ ቢወሰንና ፌርዌዮቹ በፀደይ የሚታይ ጥቂት ጠባሳ እንዲኖራቸው ቢፈቀድ፣ የሚረጨው መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጠባሳው በጁን ይጠፋል። ከወንዙ ዳር ደግሞ ማጨጃ የማይደርስበት፣ አኻያና ረጅም ሣር የሚያድግበት ሰፊ ዳርቻ መተው አለበት፤ ይህም የመጸው ሥራ ነው፤ አኻያ ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ ቢተከል ይይዛልና።

ስለ ባንከሮቹ ብዙ አልልም። አዲስ ነጭ አሸዋ በፎቶግራፍ ያምራል፤ በከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይም በቀላሉ ይጸድቃል። ከሥሩ ጠጠር ተነጥፎ ማጣበቂያ የሚረጭበት ዘመናዊ አሠራር አሸዋው በዝናብ እንዳይታጠብ ይረዳል። ሆኖም ባንከር ባዶ ቢቀር ወይም በሣር ቢሞላ የሚጎዳ ወንዝ የለም። የታዘብኩት ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜው ሲጠብና ገንዘቡ ሲያጥር የሚቀድመው የሚታየው ሥራ፣ የሚዘገየው የሚቀበረው ሥራ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ መጀመሪያ ቧንቧና ቫልቭ፣ ቀጥሎ ውሃ ማፋሰሻ፣ ቀጥሎ የሣሩን ስፋት መቀነስ፣ ባንከር ከሁሉ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የሣሩን ስፋት መቀነስ ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ብሉ ወንዝም ጎር ወንዝም የሚገብሩት ለኮሎራዶ ወንዝ ነው። ያ ወንዝ ወደ 40 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ውሃ ይሰጣል፤ የሚከፋፈለው በ1922 በተፈረመ ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቱ ሲፈረም በወንዙ ውስጥ አለ የተባለው ውሃ ዛሬ ካለው ይበልጥ ነበር። በ2024 የኮሎራዶ ግዛት ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በንግድና በመንግሥት ሕንፃዎች ዙሪያ ለጌጥ ብቻ የሚተከልን ሣር የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ለስፖርትና ለመዝናኛ የሚያገለግል ሣር ግን በእገዳው አልተነካም። የጎልፍ ሜዳ ከሕጉ ውጭ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ሜዳ አስተዳዳሪዎች ማኅበር በበኩሉ ከ2005 እስከ 2020 የዘርፉ የውሃ ፍጆታ በ29 በመቶ ቀንሷል ይላል። ቁጥሩ የሚያበረታታ ነው፤ ከቅነሳው ከፊሉ ግን ሜዳዎች ከነጭራሹ በመዘጋታቸው የመጣ መሆኑ መታወቅ አለበት። በሥራ ላይ ባሉት ሜዳዎች የሚገኘው እውነተኛ ቁጠባ ኳስ የማይደርስበትን ዳርቻ ከመስኖ አውጥቶ ለተራራው የራሱ ሣር መመለስ ነው። ለዚያ ደግሞ ስፕሪንክለሮቹ መነቀል፣ መስመሩ መዘጋት፣ ዘሩ መዘራት አለበት፤ ሦስቱም በመጸው ማብቂያ የሚሠሩ ናቸው።

ስለ ሠራተኞቹ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአሜሪካ የሣርና የመናፈሻ ሥራ ከግብርና ውጭ ላለ ወቅታዊ ሥራ በሚሰጠው ኤች-2ቢ በተባለው ቪዛ ከሚቀጠሩባቸው ዘርፎች ቀዳሚው ነው፤ ቪዛው በመደበኛነት በዓመት ለ66,000 ሰው የተወሰነ ነው። ሜዳው ሲዘጋ ገቢው ይቆማል፤ ገቢው ሲቆም ሠራተኛው ይሰናበታል፤ ከባዱ ሥራ ግን ያን ጊዜ ይጀምራል። በቀሩት ጥቂት እጆች፣ በብርድ፣ በጭቃ፣ ከቀኑ አጭርነት ጋር እየተሽቀዳደሙ መሥራት የአደጋ በር ይከፍታል። በታመቀ አየር ዙሪያ የሚሠራ የደከመ ሰው ፊቱ ሊጎዳ ወይም ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የእነዚህ ሳምንታት ደመወዝ ከወቅቱ ገቢ የተረፈ ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ ገና በሚያዝያ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

በበረዶው ወራትም ሜዳው ሥራ አይፈታም። የብሬክንሪጅ ጎልፍ ሜዳ ጎልድ ራን የሚባል የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል ይሆናል፤ ቬልም ተመሳሳይ ማዕከል አላት። በሕዝብ ገንዘብ የተያዘ መሬት ዓመቱን ሙሉ ማገልገሉ መልካም ነው። ነገር ግን የበረዶ መጠቅጠቂያ መኪና በግሪን ላይ ካለፈ በረዶውን ወደ ግግር ይለውጠዋል። ስለዚህ ዱካው የሚያልፍበት መንገድ በኦክቶበር፣ ሣሩ ገና በሚታይበት ጊዜ፣ በእንጨት ምልክት መታጠር አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ በጀት ነው። የኮሎራዶ የአካባቢ መስተዳድሮች የበጀት ሕግ የቀጣዩ ዓመት ረቂቅ እስከ ኦክቶበር 15 ለምክር ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ያ ቀን ሜዳዎቹ የሚዘጉበት ሳምንት ነው። ይህም ማለት የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የሚጠየቀው አንድም ቫልቭ ሳይከፈት፣ አንድም ቦይ ሳይቆፈር ነው። በኖቬምበር መሬቱ ሲከፈት የሚገኘው ስብራት ገንዘብ የሚያገኘው ከዓመት በኋላ ይሆናል፤ ሌላ አንድ የበረዶ ወራት አልፎበት። ረቂቁ የሚጸድቀው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ስለሆነ በመሀል የማሻሻያ ጊዜ አለ። የከተማ ምክር ቤቶች በኖቬምበር በሚያደርጉት የበጀት ስብሰባ ላይ የሜዳው ኃላፊ ከመሬት በታች ያገኘውን በካርታ አስደግፎ እንዲያቀርብ፣ ስንት ስፕሪንክለር እንደተነቀለ፣ ምን ያህል ኬሚካል በየትኛው ሄክታር ላይ እንደተረጨ በቁጥር እንዲያስረዳ መጠየቅ ይችላሉ። ነዋሪውም በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ የመናገር መብት አለው፤ በዴንቨር የሚኖሩ ወገኖቻችን ኤቨርግሪንን በተመለከተ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ከተማ ማቅረብ ይችላሉ።